የበዓለ ሃምሳ ደስታ በመከራ ዘመን

ከትንሣኤ ሌሊት ጀምሮ እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ ባለው ሃምሳ ቀን ውስጥ ጾም እንደሌለ፥ ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾሙ፥ ስግደትም እንደማይሰገድ ምእመናን ሁሉ ያውቃሉ። ይህ ሥርዓት ትናንት የመጣ ልማድ አይደለም፤ 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ በተሰበሰቡ ጊዜ በ20ኛው ቀኖና፥ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ቀኖች ቆሞ መጸለይ እንጂ መንበርከክ እንደማይገባ ወስነዋል። ነገሩን ላስተዋለው ሰው ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለበት። ጾም ቢታዘዝ አያስገርምም፤ ሥጋ በፈቃዱ የማይወደው ነገር በትእዛዝ ይፈጸማልና። ደስታ ግን እንዴት ይታዘዛል? ልጁን የቀበረ፥ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ልቡ አዝኖ ዛሬ ዓርብ ነውና ልጹም ቢል ቤተ ክርስቲያን አትጹም ትለዋለች። ካህኑም ክርስቶስ ከሙታን እንደ ተነሣ፥ ሰይጣን እንደ ታሰረ፥ አዳም ነፃ እንደ ወጣ ሲያበሥር ሕዝቡ እየተቀበለ ይመልሳል፤ የብሥራቱም ፍጻሜ ስለ ፍሥሓና ስለ ሰላም ነው። ይህን ቃል በሰላም ጊዜ መመለስ ቀላል ነው። በ1928 እና በ1929 ዓመተ ምሕረት የነበሩት ካህናትና ምእመናን ግን በምን አንደበት መለሱት?

ስለዚህ ነገር ለማሰብ የባሌ ደጋ የተመቸ ስፍራ ነው። በብዙው የኢትዮጵያ ደጋ ዋናው አዝመራ የክረምቱ ሲሆን፥ በሮቤና በሲናና ሜዳ በጎባም ዙሪያ ግን መሬቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይዘራል፥ ሁለት ጊዜም ይታጨዳል። የአገሩ ኦሮሞ የበልጉን አዝመራ ጋና፥ የመኸሩን ቦና ይለዋል። የበልጉ ዘር በመጋቢትና በሚያዝያ ሲዘራ ጊዜው ብዙውን ጊዜ ዐቢይ ጾም ነው። ገበሬው እየጾመ ከጎተራው ያለውን ገብስ አውጥቶ ከመሬት ላይ ይበትነዋል፤ ፋሲካም ሲደርስ የተዘራው ገና ብቅ ይላል እንጂ አልታጨደም። ውርጭ ይምታው፥ በረዶ ያውርደው፥ ዝናሙ ይቅር የሚያውቅ የለም። እንግዲህ የባሌ ክርስቲያን በፋሲካ የሚደሰተው ስለ ሰበሰበው እህል አይደለም፤ እህሉን ገና አላየውምና። የመስቀልንና የእንቁጣጣሽን ደስታ ከአበባውና ከእሸቱ ጋር አያይዞ የሚናገር ሰው ይኖራል፤ የትንሣኤን ደስታ ግን በዚህ አገር ከጎተራ ጋር ማያያዝ አይቻልም።

ስለ ደስታና ስለ ሕማም በአባቶች ዘንድ ከሚነገረው ሁሉ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ይበልጣል። ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረ፥ ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሰጠ ሊቅ ነው። በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው የተደገፉበትን ጦር ሳያውቁ በእግሩ ላይ ተከሉት፤ ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪውም ንጉሡም ዜማው እስኪፈጸም ድረስ አላወቁም ይባላል። ይህን ታሪክ ብዙ ሰዎች የሚያነሡት ስለ ዜማው ጣዕም ለመናገር ነው። ነገር ግን ታሪኩ ጦሩ አልወጋውም፥ ደሙም አልፈሰሰም አይልም። ቍስሉ እውነተኛ ነበር፤ ዜማውም እውነተኛ ነበር፤ አንዱ ሁለተኛውን ሐሰት አላደረገውም። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ብለው ሰንብተው በትንሣኤ ሌሊት እንደ ገና ሲሰሙ፥ የሚሰማቸው ሰው ቍስሉ ስለ ሻረ ብቻ አይደለም የሚያጨበጭበው።

ባሌ በታሪክ ስሙ ከጥንት የታወቀ አገር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የዐረብ ሊቅ አል ዑመሪ ከሰባቱ የእስላም አገሮች እንደ አንዱ ይቈጥረዋል፤ ለኢትዮጵያ ነገሥታትም ይገብር ነበር። በ1520ዎቹ በኢማም አሕመድ ጦርነት አገሩ ተናወጠ። ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን የነገሥታቱ ሥልጣን ወደዚህ ደጋ አልደረሰም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ አርሲን ከብዙ ዓመት ጦርነት በኋላ ካስገበሩ ወዲህ ጦሩ ወደ ባሌ ተሻገረ፤ ጎባም የጦር ሰፈርና የአገረ ገዢ ከተማ ሆነች። ታቦትም በዚያን ጊዜ ከጦሩ ጋር መጣ። ለጦሩ የተሰጠው መሬት ደግሞ የአገሩ ሰው መሬት ነበረ። በኢዮቤልዩ መጽሐፍ ላይ መልካሙን ብቻ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ይህን መሸሸግ አይገባም፤ በኋላ የሆነው ነገር የሚገባው ይህ ሲታወቅ ነውና። ከወታደር ጋር የመጣች ቤተ ክርስቲያን ያለ ወታደርና ያለ አገረ ገዢ ምን እንደ ሆነች የምታውቅበት ቀን ሊመጣ ግድ ነበር፤ መጣም።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦርነት ሲጀመር የባሌ አገረ ገዢ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ሮማነ ወርቅ ባል ናቸው። የባሌን ጦር ይዘው በዋቢ ሸበሌ በኩል ዘመቱ። በሰሜን በኩል መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ታላቁ ውጊያ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመርዝ ጢስ ተጨፍጭፎ ተመለሰ። ከ12 ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 4 ቀን፥ የትንሣኤ በዓል ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ወር ከማይጨው ሲመለሱ ወደ ላሊበላ ተሻግረው በዐለት በተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ጸለዩ። ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ ከተማይቱም ተዘረፈች፥ ተቃጠለች። ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት ገባ። ያ ቀን የመድኃኔ ዓለም ወርኀዊ በዓል ነው፤ ከትንሣኤም ሲቈጠር 24ኛው ቀን ነበር። ይኸውም ካህናቱ ጧትና ማታ ፍሥሓንና ሰላምን በሚያበሥሩበት ወራት መካከል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣውን መከራ ታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ጽፈውታልና በአጭሩ ማለፍ ይበቃል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ ለጠላት አንገዛም ስላሉና ሕዝቡም እንዳይገዛ ስላወገዙ በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ። ደጃዝማች በየነ መርዕድ ከልዑል ራስ ደስታ ዳምጠው ጋር በደቡብ ሲዋጉ ቈይተው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ ውጊያ ወቅት ተገደሉ፤ ራስ ደስታም በዚያው ወር በ17ኛው ቀን ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የተገደለውን ሕዝብ የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሎ ገምቶታል። እንግዲህ ባሌ አገረ ገዢው ሞቶ፥ ጦሩም ተበትኖ ቀረ። ካህኑ በዚያ ዓመት ለሥርዓቱ የሚቆምለት ከጀርባው ማንም አልነበረም።

የ1929 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 24 ቀን ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ከወጡ ልክ ዓመት በሞላበት ዕለት። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህም ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። በዚያ ዓመት ሊጦን የሚያደርሰው፥ ቅዳሴውን የሚቀድሰው፥ ጧፍ ይዞ የሚቆመው ሰው ሁሉ ከቤቱ አንድ የጐደለ ሰው ነበረው ቢባል ማጋነን አይደለም። በትንሣኤው በ19ኛው ቀን፥ ግንቦት 12፥ የአባታችን የተክለ ሃይማኖት የዐፅማቸው ፍልሰት በዓል ደረሰ። ከየአገሩ የመጡ መነኮሳትና ምእመናን በደብረ ሊባኖስ ተሰበሰቡ። የመጡት ለደስታ ነው፤ በሃምሳው ቀን ውስጥ፥ ያውም በጻድቁ በዓል። ግራዚያኒ ገዳሙን በየካቲቱ ነገር ተባባሪ ነው ብሎ ጄኔራል ማለቲን ልኮ ነበርና የተሰበሰቡት ተከበቡ፤ ከዚያም በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባለው ሸለቆ ተወስደው በመትረየስ ተረሸኑ። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና ሌሎች 23 ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል። ከጥቂት ቀን በኋላም 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አጠገብ እንጨጫ በተባለ ስፍራ ተገደሉ። በኋላ ዘመን ነገሩን የመረመሩ ታሪክ ጸሐፊዎች የሟቾቹን ቍጥር ከ1,400 በላይ፥ እስከ 2,000ም የሚደርስ አድርገውታል።

ለዲያቆናቱ ቆም ማለት ይገባል። ብዙዎቹ ገና ልጆች ነበሩ። ትምህርታቸው ዜማ ነበር፤ ከጾመ ድጓ ወጥተው የትንሣኤውን ዜማ የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነው። የገደላቸው ሰው ስለ ፖለቲካ ገደልኋቸው ይላል። እነርሱ ግን ያለፈውን ሦስት ሳምንት ያሳለፉት ሞት እንደ ተሻረ በመዘመር ነበር።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው የሃምሳው ቀን ብሥራት ሐሰት ሆነ ሊል ይችላል። ፍሥሓ የት አለ? ሰላምስ የት አለ? ይህ ጥያቄ ከእምነት ማነስ ብቻ የሚመጣ አይደለምና ካህን የሆነ ሰው ሊቈጣበት አይገባም። መልሱ የሚገኘው ግን ብሥራቱ ምን እንደሚል በማስተዋል ነው። ቄሳር ታሰረ፥ ጠላት ሸሸ፥ እህል ረከሰ አይልም፤ ሰይጣን ታሰረ፥ አዳም ነፃ ወጣ ይላል። ይህ ከሆነ ከ1900 ዓመት በፊት ሆኗል፤ ካልሆነም ኢጣልያ ባትመጣም አልሆነም። በሮማ ነገሥታት ዘመን የነበሩት ክርስቲያኖች ይህን ያውቁ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ከሲላስ ጋር ተገርፎ፥ እግሩ በግንድ ተጠርቆ በእኩለ ሌሊት ዘመረ፤ በኋላም በእስር ቤት ሆኖ ወደዚያችው ከተማ ሰዎች የላከው መልእክት ከመልእክቶቹ ሁሉ ይልቅ ስለ ደስታ የሚናገር ነው። የፊልጵስዩስ ሰዎች መልእክቱ ሲነበብላቸው የግርፋቱን ሰንበር ያዩ ሰዎች በመካከላቸው ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ስለዚህ የጻፈላቸውን ደስታ እንደ ባዶ ቃል ሊቈጥሩት አይችሉም ነበር።

ደስታውም ኀዘንን የሚከለክል አልነበረም። የኢትዮጵያ ሰው በበዓለ ሃምሳ ለሞተበት ያለቅሳል፤ ፍትሐት ይደረጋል፤ ጎረቤት ለእዝን ይቀመጣል። የሚከለከለው ጾሙና ስግደቱ ነው፤ ይኸውም የክርስቶስ ሥራ ገና እንዳልተፈጸመ የሚያስመስለው ነገር ነው። ሥርዓቱ ሰውን አስመስለህ ሳቅ አይለውም። ቆመህ ጸልይ ይለዋል። በአምስቱ ዓመት ውስጥ 2,000 አብያተ ክርስቲያናት እንደ ጠፉ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለዓለም መንግሥታት አስታውቋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ የተቃጠለበት ካህን በዋሻም ሆነ በዛፍ ሥር ቢቀድስ የሚቀድሰው ቆሞ ነው። ልቡ የማይችለውን እግሩ ፈጸመለት ማለት ነው። በደስታ ስሜት የሚኖር ሰው ስሜቱ ሲጠፋ ደስታው ይጠፋበታል፤ በሥርዓት የሚኖር ሰው ግን ስሜቱ እስኪመለስ ድረስ የሚጠብቅበት ስፍራ አለው።

በ1933 ዓ.ም. መጋቢት 28 ቀን፥ በኒቆዲሞስ እሑድ፥ የጠላት ጦር አዲስ አበባን ለቀቀ፤ በዚያው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ፋሲካው ሚያዝያ 12 ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በእንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው ሚያዝያ 27 ቀን፥ በትንሣኤው በ16ኛው ቀን፥ አዲስ አበባ ገቡ። ጠላት ከገባባት ልክ አምስት ዓመት ሞላ፤ ቀኑም ያው የመድኃኔ ዓለም ቀን፥ ወራቱም ያው በዓለ ሃምሳ ሆነ። በዚያን ቀን ለሕዝቡ ያደረጉት ንግግር ከጦር አዛዥ አፍ የሚጠበቅ አልነበረም። ደስታችሁ በክርስቶስ መንፈስ ይሁን፥ ክፉን በክፉ አትመልሱ፥ እጃቸውን የሰጡትን አትግደሉ የሚል ነበር። በከተማይቱ ብዙ ሺህ ኢጣልያውያን ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በየካቲት 1929 ቤቱ ከነቤተ ሰቡ የተቃጠለበት ሰው በጎዳናው ላይ ቆሞ ይህን ሰማ። መከራ ሲመጣ መደሰት ከባድ ነው ይባላል፤ ድል ሲመጣ ግን ደስታን ከበቀል ለይቶ መያዝ ሳይበልጥ አይቀርም፤ በአምስቱ ዓመት ቆመው የጸለዩት ምናልባት ለዚህ ቀን ተዘጋጅተው ነበር።

ለሁሉ ግን ደስታው በአንድ ቀን አልደረሰም። የባሌ አገረ ገዢ የነበሩት የደጃዝማች በየነ ሚስት ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው ነበርና በጥቅምት 1933 ዓ.ም. በቶሪኖ ከተማ ዐረፉ፤ ነፃነቱን ለማየት ሰባት ወር ያህል ቀርቷቸው ነበር። መርዕድና ሳምሶን የተባሉት ልጆቻቸው ከጦርነቱ በኋላ አባታቸውም እናታቸውም ወደሌሉበት አገር ተመለሱ።

ባሌም ከዚያ በኋላ መከራ አልራቀችም። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በግብርና በመሬት ምክንያት የተነሣው ዐመፅ እስከ 1962 ዓ.ም. ቈየ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ሞተ። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የታወጀው ዐዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሲያደርገው የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማልያ ጦርነት የባሌን ቈላ አጠፋው። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወርደው በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ ተገደሉ፤ ዐፅማቸው የተገኘውና በክብር ያረፈው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው። ከመሬቱ ማጣት ግን አንድ ነገር ተገኘ። ቀድሞ በመሬት ገቢ ይኖር የነበረ ካህን ከእንግዲህ የሚኖረው ምእመናኑ በሰበካ ጉባኤ በኩል በሚያዋጡት ሆነ። ገበሬው ከገብሱ፥ ነጋዴው ከሱቁ፥ አሮጊቷ ከመቀነቷ ስትሰጥ ቤተ ክርስቲያኗ ከገዢ የተሰጠች ሳትሆን የራሷ የምእመኗ ሆነች። ከወታደር ጋር የመጣው ታቦት አሁን የጠበቀው ሕዝቡ ብቻ ነው።

ከጎረቤት ጋር ያለውም ነገር እንዲሁ በጊዜ ብዛት ተለወጠ። በጎባና በሮቤ ክርስቲያንና እስላም በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፥ በአንድ ልቅሶ ይቀመጣሉ። እርዱ ስለሚለያይ በፋሲካ ሥጋውን አብረው አይበሉም፤ ስለዚህ ብልህ የሆነች ባልቴት ዶሮውን ከመሥራቷ በፊት ለእስላም ጎረቤቷ የሚሆን ዳቦና ቡና ለብቻው ታዘጋጃለች፤ በዒድ ጊዜም ለእርሷ እንዲሁ ይደረግላታል። ከሃምሳው ቀን ደስታ ጎረቤት የማይካፈለው ሥጋውን ብቻ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን ከዚያ ወዲህ የነፃነት በዓል ሆኖ ይከበራል፤ ደርግ ለጥቂት ዘመን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፥ በኋላ ግን ወደ ቦታው ተመለሰ። የፋሲካ ቀን ከዓመት ዓመት ወዲያና ወዲህ ስለሚል ይህ በዓል አልፎ አልፎ በሰሞነ ሕማማት ይውላል፤ በብዙው ዓመት ግን በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው። በ2005 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 27 ራሱ የትንሣኤ ዕለት ሆኖ ዋለ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ሌሊቱን ጧፍ ይዞ ቆሞ ብሥራቱን የመለሰ ሕዝብ፥ ሲነጋ ለዐርበኞቹ መታሰቢያ ሰንደቅ ዓላማ ሲወጣ ጾሙን ገድፎ ከቤቱ ነበረ።